ወሰን ላይ የተሠራ ቤት

ኖቬምበር 14፣ 1893

ይህን ደብተር የያዝኩት ለወግ አይደለም፤ ለማስረጃ ነው። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ኦስካር መሬቱን ተነጠቀ። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው። አምና የበረዶውን ወራት ከተማ ወርዶ ባቡር ጣቢያ ጭነት ሲያወርድ ከረመ። ሲመለስ አንድ የማያውቀው ሰው "ይህ ሰው መሬቱን ጥሎ ጠፍቷል" ብሎ ከስሶት አገኘው። አራት ዓመት ያረሰውን ትቶ፣ ሣጥኑን ተሸክሞ በበራችን አለፈ። ውሃ ሰጠሁት። ጠጣና ጣሳውን መልሶልኝ ሄደ።

የመንግሥት ቃል ግልጽ ነው። አምስት ዓመት በመሬትህ ላይ ኑር፣ ቤት ሥራ፣ እረስ፤ ከዚያ ምስክሮችህን ይዘህ ናና የባለቤትነት ወረቀትህን ውሰድ። እኔና ወንድሜ ሃልቮር በአንድ ቀን ተመዝግበን ጎን ለጎን ሁለት መሬት ያዝን። ለሁለት ቤት አቅም ስላልነበረን፣ በዳኮታ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው፣ ከነሣሩ የተቆረጠ አፈር ደርድረን አንድ ቤት ወሰኑ ላይ ሠራን። ወሰኑ ቤቱን መሐል ለመሐል ይከፍለዋል። የምሥራቁ ግማሽ የእኔ ነው፤ አልጋዬም ምድጃውም እዚህ ናቸው። የምዕራቡ የሃልቮር ነው፤ አልጋውና መስኮቱ እዚያ ናቸው። ገበታው ወሰኑ ላይ ተቀምጧል። እሱ በእሱ መሬት፣ እኔ በእኔ መሬት ሆነን ፊት ለፊት እንበላለን። ማታ ማታ እያንዳንዳችን በየራሳችን መሬት እስካደርን ድረስ ማንም ሊከሰን አይችልም።

አምስት ዓመታችን የሚሞላው ማርች 9 ነው። እስከዚያ ሃልቮር የት እንዳደረ በየቀኑ እጽፋለሁ። ቀን ተቆጥሮበት የተጻፈን ነገር ማንም አይክደውም።

ትናንት በመሬቱ አደረ።

ኖቬምበር 20

ሃልቮር ወሰኑን መቀለጃ አድርጎታል። ገንፎውን ሳቀብለው "እትዬ፣ ድንበር ሲሻገር ቀረጥ የለበትም?" ይላል። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቀልዱ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቀልድ ነው። በሬዎቹን እንኳ "ጳጳሱ" እና "ዲያቆኑ" ብሎ ነው የሰየማቸው። ለምን ቢሉት፣ አንደኛው ይበላል፣ ሌላው ይሠራል። ቄሳችን ሰምተው ሳቁ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ፐርዲ ዛሬም ጀምበር ስትጠልቅ ጉብታው ላይ ቆሞ ወደ ቤታችን ሲመለከት አየሁት። ፐርዲ በምዕራብ በኩል የሚዋሰነን አሜሪካዊ ነው፤ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ይኖራል። ሃልቮር መሬት ላይ የማይደርቅ ምንጭ አለ፤ ፐርዲ ደግሞ ውሃ የሚቀዳው ከሩቅ ነው። ከዚህ በላይ ምን ልበል? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። የእኛ ደጃፍ የሞኝ ደጃፍ እንዳይሆን ነው የምለፋው።

ለሃልቮር ብነግረው "እትዬ፣ ሰውዬው ፀሐይ ስትገባ ማየት ይወድ ይሆናል" አለኝ። ፀሐይ የምትገባው በእሱ ጀርባ በኩል ነው።

በመሬቱ አደረ።

ኖቬምበር 28

ጳጳሱ ኩሬውን ሲሻገር በረዶው ተሰብሮ ሰመጠ። ሃልቮር እስከ ደረቱ ገብቶ በገመድ አወጣው። ቤት ሲደርስ ልብሱ ላዩ ላይ እንደ ሳንቃ ደርቆ ነበር፤ ቁልፉን ለመፍታት በጡጫ መደብደብ ነበረብኝ። ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ "ጳጳስ ያጠመቀ ገበሬ ታውቂያለሽ?" አለኝ። ሳቅን። ምድጃው አጠገብ አስቀምጬ ትኩስ ወተት አጠጣሁት።

በመሬቱ አደረ።

ዲሴምበር 5

ሳል ይዞታል። በመሬቱ አደረ።

ዲሴምበር 8

ሳል። ድርቆሽ ጠምዝዤ ለማገዶ ስከምር ዋልኩ፤ ኩበቱ እያለቀ ነው። እሱ በሬዎቹን አጠጥቶ ሲመለስ በሩን ይዞ ቆመ። በመሬቱ አደረ።

ዲሴምበር 11

በመሬቱ አደረ።

ዲሴምበር 17

ማሪት ሐኪም ይዛ መጣች። ማሪት በደቡብ በኩል ያለችው ጎረቤታችን ናት፤ ከእኛው አገር፣ ከኖርዌይ የመጣች፣ ስድስት ልጆች ያሳደገች፣ አፏን የማትይዝ ሴት። ሐኪሙን ያመጣችው ሳትጠይቀኝ ነው።

ሐኪሙ ጆሮውን ሃልቮር ጀርባ ላይ ለጥፎ ብዙ አዳመጠ። ከዚያ ወደ ውጭ ጠራኝ።

"ሳንባው ተይዟል። ከተማ ብታወርጂው ጥሩ ነው። ካልሆነም አልጋውን ዛሬውኑ ምድጃው ሥር አድርጊው። እዚያ መስኮት ሥር ውርጭ ላይ ነው የተኛው።"

ወሰኑን አስረዳሁት። ኦስካርን ነገርኩት። ማርች 9ን ነገርኩት። ጓንቱን እያጠለቀ ሰማኝ።

"ሕጉን እኔ አላውቀውም" አለ። "ሳንባን ግን አውቃለሁ።"

ሰው ሁሉ ከውጭ ሆኖ ሲያየው ቀላል ነው። ምድጃውን ወደ እሱ በኩል ማዞርን እኔም አስቤዋለሁ። የጭስ ማውጫው ቆርቆሮ አይደርስም፤ ጣሪያውን ደግሞ በዚህ ውርጭ ከከፈትነው ላያችን ላይ ይናዳል። ስለዚህ መላ አገኘሁ። ቀን ቀን ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ ሕግ የሚጠይቀው ማደርን ነው እንጂ መዋልን አይደለም። ሲመሽ ድንጋይ አግዬ በጨርቅ ጠቅልዬ እግሩ ሥር አደርግለትና ወደ አልጋው ይሄዳል። ይህን ስነግረው "ቀን ስደተኛ፣ ማታ ባላገር" አለኝ። ተስማምቷል። እሱ ራሱ ተስማምቷል።

በመሬቱ አደረ።

ዲሴምበር 24

ሲግኔ ከከተማ መጣች። እናቷ ባቡር ጣቢያው አጠገብ እንግዳ የምታሳድርበት ቤት አላት፤ ሲግኔ እዚያ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ለሃልቮር ከታጨች ሁለት ዓመቷ ነው። ወረቀቱ ሲወጣ ሊጋቡ ነው። ጨው የበላ ዓሣ፣ ስስ ቂጣና አንድ ብርቱካን ይዛ መጣች። ብርቱካኑን ለእሱ ላጠችለት። ፊቱ ከስቷል፤ ዛሬ በሌላ ሰው ዓይን ሳየው ነው ያስተዋልኩት።

"ከእኔ ጋር ና" አለችው። "እናቴ ከወጥ ቤቱ በላይ ያለውን ክፍል ትሰጥሃለች። ከታች እሳቱ ሲነድ ያድራል።"

ሃልቮር አላያትም። እኔን ነው ያየው።

"እትዬ ካለች" አለ።

እኔ ምንም አላልኩም። እውነቴን ነው፤ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ድስቱን እያማሰልኩ ነበር። "ሁለት ወር ተኩል እኮ ነው፣ ምን አላት" አላት እሱ ራሱ።

ስትወጣ በሩ ላይ ክንዴን ይዛ "የመሬት ቢሮ ሄደሽ ብትጠይቂስ? ለበሽተኛ አንድ ነገር ይኖር ይሆናል" አለችኝ። ልጅ ናት። ቢሮ ሄጄ ብጠይቅ መጀመሪያ የሚያስቡት "ይቺ ሴት ለምን ጠየቀች?" ነው። ከዚያ አንድ ሰው ሊያይ ይመጣል። ካልጠየቅሽ ማንም አያይሽም።

ከመሄዷ በፊት የገና ጸሎት አድርሰን ነበር። መዝሙሩን ሁለቱ ሲዘምሩ የእሱ ድምፅ መሐል ላይ ቆመ፤ ሲግኔ ብቻዋን ጨረሰችው።

በመሬቱ አደረ።

ጃንዋሪ 6

ማሪት ቤት ቅቤ ላመጣ ሄጄ ነበር። ከበረት በስተጀርባ ሆኜ ለባሏ ስታወራ ሰማኋት።

"መሬቱን የምትፈልገው እሷ ናት። ልጁማ ኮርቻ ሲሰፋ ቢኖር ደስታው ነበር።"

"ዝም በይ፣ ወንድሟ ነው" አለ ባሏ።

"ወንድሟ ስለሆነማ ነው እንቢ የማይላት።"

ቅቤውን ተቀብዬ አመስግኜ መጣሁ። መንገድ ላይ ብዙ መልስ መጣልኝ፤ ሁሉም ዘግይቶ። ማሪት የማታውቀው አለ። አባታችን በሰው መሬት ላይ ጎጆ ተሰጥቶት፣ ለዚያች ጎጆ ሲል ዕድሜውን ሙሉ የጌታውን እርሻ ሲያርስ ኖሮ ሞተ። ቀብሩ በዋለ በወሩ "ቤቱ ለሌላ ሠራተኛ ይፈለጋል" ተባልን። እናቴ የአልጋውን ሣንቃ ስትነቅል ያየሁት እኔ ነኝ፤ ሃልቮር ገና አራት ዓመቱ ነበር፣ አያስታውሰውም። አሜሪካ መጥቼ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ያጸዳሁት ለምን ነው?

ሃልቮር እርግጥ ነው፣ አገር ቤት ኮርቻ ሰፊ ዘንድ ገብቶ ሙያ ይማር ነበር። ጥሩ እጅ ነበረው። እኔ ግን አላስገደድኩትም። ጻፍኩለት፤ የመርከቡንም ቲኬት ላክሁለት እንጂ።

በመሬቱ አደረ።

ጃንዋሪ 15

አምስት ዓመት ሊሞላን ነው፣ ወረቀታችን ይሰጠን የሚለው ማስታወቂያችን ጋዜጣ ላይ የሚወጣበት ጊዜ ደረሰ። ሕጉ የምስክሮች ስም አብሮ እንዲታተም ያዝዛል። የማሪትን ባል ጻፍኩ። ሌላ ማን እንደምጽፍ ሳስብ ሃልቮር ከምድጃው አጠገብ ሆኖ "ፐርዲን ጻፊው" አለኝ።

"አብደሃል?"

"የምትጠረጥሪውን ሰው ምስክር ካደረግሽው መክሰስ እንዴት ይችላል? ደግሞስ ከሱ የበለጠ እኛን ያየ ማን አለ?"

ይህን ሲል ሳለና ሳቀ፣ ከዚያ መሳሉ ብቻ ቀረ። መሐረቡን ደበቀኝ። አየሁት፣ ደም አለበት።

ፐርዲን ጻፍኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ እኔ እየጠረጠርኩ ጻፍኩት።

በመሬቱ አደረ።

ጃንዋሪ 24

ሦስት ቀን የበረዶ አውሎ ነበር። በሬዎቹ ጋ ለመድረስ ከበሩ እስከ በረቱ ገመድ ዘርግቼ በዚያ ነው የምሄደው። እጄ ስለቆሰለ አጭር እጽፋለሁ።

21፣ በመሬቱ አደረ። 22፣ በመሬቱ አደረ። 23፣ በመሬቱ አደረ።

ዛሬ ጠዋት ብርድ ልብሱ ግድግዳው ላይ በውርጭ ተጣብቆ አገኘሁት። በቢላ ጀርባ አላቀቅሁት። የእኔን ብርድ ልብስና ካፖርቴን ጨምሬለታለሁ፤ እኔ በልብሴ እተኛለሁ። ለወንድሟ አታስብም እንዳይሉ ይህም ይጻፍ።

ጃንዋሪ 30

ደህና ቀን ዋለ። ፀሐይ ነበር። ከብዙ ቀን በኋላ አንድ ሳህን ገንፎ ጨረሰ፤ ብዙም አወራ።

የመጀመሪያውን ዓመት አነሣ። መሬቱን መጀመሪያ ሲያርስ የሣሩ ሥር እየተበጠሰ ጨርቅ የሚቀደድ የሚመስል ድምፅ ነበረው። ሃልቮር ማረሻውን አቁሞ "እትዬ፣ ያማታል መሰለኝ" ብሎኝ ነበር። እኔ "እረስ" አልኩት። ዛሬ ይህን እያስታወሰ ሳቀብኝ። ከዚያ አንበጣ የበላብንን ስንዴ፣ ከዚያ በስፌት መኪና መርፌ የሰፋውን የዲያቆኑን ቀንበር ማሰሪያ አነሣ። ጎረቤት ሁሉ ጫማና ልጓም ይዞ ይመጣለት የነበረበትን ጊዜም አነሣ። "ያን ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር" አለ። እርሻው መሐል ሥራ እየፈታ ሲሰፋላቸው እኔ እቆጣው ነበር።

"አንድ ነገር ልንገርሽ" አለኝ ቆይቶ። "ብሞት ምንጩን ለፐርዲ አካፍዪው። ሰው ውሃ ለመቅዳት ያን ያህል መሄድ የለበትም።"

"የምን ሞት ነው! ለሲግኔና ለልጆችህ ነው ምንጩ።"

"እሺ" አለ። ሁልጊዜ እሺ ነው የሚለው። ከትንሽነቱ ጀምሮ እንቢ ሲለኝ አላስታውስም። ይህን እንደ መልካም ጠባይ ነበር የምቆጥርለት።

በመሬቱ አደረ።

ፌብሩዋሪ 4

ትኩሳት። ማታ መብራት ይዤ ስሄድለት ዓይኑን ገልጦ "የቱ ጋ ነኝ?" አለኝ።

"በራስህ መሬት ላይ።"

"የራስ መሬት እንዲህ ይበርዳል?"

ድንጋዩን ቀየርኩለት። በመሬቱ አደረ።

ፌብሩዋሪ 9

ድፍን አራት ሳምንት ቀረ። ትናንት ፐርዲ እንደገና ጉብታው ላይ ነበር፣ በዚያ ብርድ። ምን ያህል ቢመኘው ነው? ከዛሬ ጀምሮ ሃልቮር መስኮት ላይ መብራት አበራለሁ። እስኪነጋ ይብራ። ይየው። ሃልቮር በመሬቱ እንዳለ አይቶ ይሂድ።

ማሪት ከበሩ ሳትገባ "ጉንሂልድ፣ ልጄ፣ ምድጃው ሥር አስተኚው። እግዚአብሔር ወሰን አያይም" አለችኝ። እግዚአብሔር አያይም፤ ቢሮው ግን ያያል አልኳት። እንዲህ ማለቴ ቀኑን ሙሉ ሲያሳፍረኝ ዋለ።

በመሬቱ አደረ።

ፌብሩዋሪ 12

ሌሊት ተነሥቶ ነበር። ትኩሳቱ ነው፤ መንገድ ስቶ። ወደ አልጋው ተመለሰ።

በመሬቱ አደረ።

ፌብሩዋሪ 13

ሃልቮር ሊነጋ ሲል አረፈ። ብቻውን ነበር። ድንጋዩን ልቀይርለት ስሄድ ነው ያወቅሁት።

ፌብሩዋሪ 17

ከምንጩ በላይ ቀበርነው። መሬቱ ዶማ አልቀበል አለ። የማሪት ባል መትቶ መትቶ ዶማው ተሰበረ። በረዶው እስኪቀልጥ በረት ውስጥ ይቆይ ተባለ፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። እኔ እንቢ አልኩ።

ያን ጊዜ ፐርዲ በበረዶ ተንሸራታች ጋሪው ድርቆሽ ጭኖ መጣ። የራሱን ድርቆሽ። ማንም አልጠራውም። መቃብሩ የሚቆፈርበት ቦታ ላይ ከመረና ለኮሰው። ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት እየጨመረ አነደደው፤ አፈሩ እስኪለሰልስ። ለመሬቱ ሁለት ቀን ሙሉ እሳት ነደደለት። እሳቱ አጠገብ ቆሜ ሳላስበው እጆቼን ዘርግቼ መሞቅ ጀመርኩ። ከዚያ አፍሬ ሰበሰብኳቸው።

ፐርዲ ቆቡን አውልቆ አጠገቤ ቆመ።

"ሚስቴ በዚሁ በሽታ ነው የሞተችው" አለኝ። "አየሩ ጸጥ ሲል የወንድምዎ ሳል እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ማታ ማታ ጢሳችሁ መውጣቱን ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። መብራቱን ማብራት ስትጀምሩማ ተሽሎት መጽሐፍ እያነበበ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።"

እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩት። ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ምንጩን እንዲቀዳ ነገርኩት፤ ሃልቮር አዝዟል አልኩት። ሰውዬው አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም።

ሲግኔም ለቀብሩ መጥታ ነበር፤ ከመቃብሩ አብራን ተመለሰች። ቤት ገብታ አልጋውን አየች፣ ምድጃውን አየች። በእርምጃ ለካችው። ሰባት እርምጃ ነው። ከዚያ ሻሿን አስራ ወጣች።

ማርች 10

ትናንት ቢሮ ቀረብን፤ እኔ፣ የማሪት ባልና ፐርዲ። የእኔ መሬት ጉዳይ ቶሎ አለቀ። ቀጥሎ የሃልቮር ሆነ።

ጸሐፊው መነጽር ያደረገ፣ ትሑት ሰው ነው። ምስክሮቹን አስማለ።

"ሟቹ ያለማቋረጥ በመሬቱ ላይ ኖሯል?"

"አንድ ሌሊት አላጓደለም" አለ ፐርዲ።

እኔም ይህን ደብተር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁ። ጸሐፊው ገለጠ፣ ቋንቋችንን አያነብም፣ ቀኖቹን ብቻ አየ። "ምንድን ነው?" አለኝ። በየቀኑ የት እንዳደረ የጻፍኩበት ነው አልኩት።

"ይሄ እንኳ አያስፈልግም ነበር፣ እመቤት። ወንድምዎ ታመው የቆዩት ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከኖቬምበር መጨረሻ።"

"ታዲያ ፈቃድ አልጠየቃችሁም? ለታመመ ሰው እስከ አንድ ዓመት ከመሬቱ ርቆ መታከም ይፈቀዳል። ሕጉ ከወጣ አምስት ዓመቱ ነው። ከሐኪም አንድ ወረቀት ብቻ ነው የሚፈለገው።"

የማሪት ባል ወለሉን ያይ ነበር። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። ቀኑ ሳይሞላ ቢሞትስ፣ መሬቱ ለማን ይሆን ነበር አልኩት።

"ለወራሹ ነዋ። ሚስትና ልጅ ከሌለው፣ እዚህ አገር ላለች እህቱ። ወራሽ ቀሪውን ቀን ይጨርሳል። ይኸው፣ እርስዎም እንደዚያ አይደል የቀረቡት?" ብሎ ብዕሩን ነክሮ ሰጠኝ። "እዚህ ላይ ይፈርሙ።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ፐርዲ ይወርሰናል ብዬ ስፈራ ከረምኩ። ወራሿ እኔ ሆንኩ። ስሜን ጻፍኩ። ጸሐፊው ጽሑፌ ጥሩ ነው አለኝ።

ማርች 13

ማሪት ነገ ከተማ ትወርዳለች፤ አገር ቤት ላለችው እናቴ ደብዳቤ ካለኝ ትወስድልኛለች። አንድ ወር ሙሉ ሳልጽፍላት ቆይቻለሁ። ዛሬ ተቀምጬ ጻፍኩ። ሃልቮር በሕመሙ ጊዜ ምንም አልጎደለበትም አልኩ። ምድጃው አጠገብ፣ ሙቀት ውስጥ፣ እጁን ይዤው አረፈ አልኩ። በራሱ መሬት ላይ ተቀብሯል፣ ከዚያ ማንም አያስነሣውም አልኩ። እናቴ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ደብዳቤውን አሽጌ ለማሪት ሰጠኋት። ማሪት አገላብጣ አየችው፣ ዓይኔንም አየች፣ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

እንግዲህ እውነቱ የሚጻፍበት ቦታ ይህ ደብተር ብቻ ቀረ። ለማስረጃ ነው የያዝኩት ብዬ ነበር፤ ፌብሩዋሪ 12 ላይ ግን ዋሽቻለሁ። ሃልቮር መንገድ አልሳተም። ትኩሳቱም በዚያ ሌሊት ወርዶለት ነበር።

የእግሩን ኮቴ ሰምቼ ነው የነቃሁት። ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ መጣ፤ እንዳልነቃ ተጠንቅቆ። ምድጃው ሥር ወለሉ ላይ ተኛ፤ ጀርባውን ለእሳቱ ሰጥቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ። ከአልጋዬ ሆኜ አየሁት። መንቀጥቀጡ እየቀነሰ ሲሄድ አየሁ። ይህን አይቻለሁ።

"ሃልቮር" አልኩት።

"እትዬ፣ እስኪነጋ ብቻ።"

"ፐርዲ ሊያይ ይችላል። መብራቱ በርቶ አልጋው ባዶ ነው። ሃያ አምስት ቀን ነው የቀረን፣ አሁን እናበላሸው?"

የተኛ መስሎኝ ነበር። ኋላ ላይ "መሬቱን እኮ ለአንቺ ብዬ ነው" አለ። ቁጣ አልነበረበትም። "እኔ ድሮም አልፈለግሁትም። ታውቂያለሽ አይደል?"

"አውቃለሁ" አልኩት። አውቅ ነበር።

"እሺ በቃ" አለና በክንዱ ተደግፎ ተነሣ። ልደግፈው አልወጣሁም፤ ከአልጋዬ ሙቀት መውጣት ከበደኝ። ሰባቱን እርምጃ በራሱ እግር ሄደ። አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ።

ከዚያ ፍሙ እንዳይጠፋ አመድ አለበስኩት፤ ፊቴን ወደ እሳቱ አዞርኩና ተኛሁ። እንቅልፍም ወሰደኝ።